ናፍቆት በሊትር

በአማርኛ አንዳንድ አነጋገሮች ሰምና ወርቃቸውን ይዘው ይወለዳሉ። ባለቅኔ አይጠብቁም፤ በጎዳና ተነግረው፣ በጎዳና ተሰምተው፣ ማንም ሳይፈታቸው ያልፋሉ። «ነዳጅ ጨመረ» የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ የነዳጅ ዋጋ ከፍ አለ ማለት ነው። ወርቁን ለማግኘት ደግሞ ቃሉን ወደ ሥሩ መመለስ ይበቃል። ነዳጅ ማለት የሚነድድ ማለት ነው፤ ነደደ የሚለው ግሥም ለማገዶና ለቤንዚን ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሰውም ይነድዳል፤ በቁጭት ይነድዳል፣ በናፍቆት ይነድዳል፣ በሐሳብም ይነድዳል። እንግዲህ «ነዳጅ ጨመረ» ሲባል «የሚነድደው ሰው በዛ» ማለትም ነው። በነጂና በነዳጅ መካከል ያለችውም አንዲት «ዳ» ብቻ መሆኗን ልብ ይሏል።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው በኩል ካልሆነ በቀር ወደ እርሱ የሚያደርስ መንገድ አላገኘሁም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከማደያው እንጀምር።

በሌላው ዓለም የትንሽ መኪና ባለቤቶች የትኛው ነዳጅ እንደሚሻል ሲከራከሩ አነባለሁ። ከአንዱ ማደያ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቤንዚን ይቀዳል፤ አንዱ ረከስ ያለ፣ አንዱ ወደድ ያለ፣ አንዱ የተደባለቀ። በእኛ ማደያ ለመኪና የተዘረጋው ቱቦ ሁለት ነው፤ ቤንዚንና ናፍጣ። የቤንዚን መኪና የገዛ ቤንዚን ይቀዳል፤ የናፍጣ የገዛ ናፍጣ ይቀዳል። ምርጫው መኪናው በተገዛ ዕለት አልቋል። በ2001 ዓ.ም. በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚመረት ሞላሰስ የተጣራ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ በመቶ አምስት እጅ መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኋላም ወደ አሥር እጅ ከፍ ብሏል። እርሱም ቢሆን የባለ መኪናው ምርጫ አልነበረም፤ ተቀላቅሎ የመጣውን ቀዳን። የአሰብ ማጣሪያ ሥራውን ካቆመ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የምንነዳበት ሁሉ በባዕድ አገር ተጣርቶ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚወጣ ነው። ለእኛ የቀረልን ምርጫ ስንት ሊትር እንቅዳ፣ ወዴትስ እንንዳበት የሚለው ብቻ ነው። ይህ ግን ቀላል ምርጫ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

የመኪናዬ የነዳጅ ጋን 42 ሊትር ይይዛል። የዘመኑንም ታሪክ የማስታውሰው በዚህ ጋን ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጠቃላዩ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣና ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲተርፍ ሲወሰን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ። ያን ጊዜ ባዶ ጋን ለመሙላት 2,000 ብር ገደማ ይበቃ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ክፍያው በአዲስ አበባ በስልክ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ከኪስ የሚወጣው የብር ኖት ቀርቶ ቁጥር ብቻ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ጀመር። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ሲለወጥ ከሩቅ ሳይሆን ከፊት ለፊት አየሁት። ቦቴው ገና ከወደብ ሳይነሣ ዋጋው ከእኛ ዘንድ እንደደረሰ ገባኝ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ፤ ዓመቱ ሳያልቅም 120 ብርን ተሻገረ። ያችው 42 ሊትር የምትይዝ ጋን ከ5,000 ብር በላይ የምትጠጣ ሆነች። «የመቶ ብር ቅጂልኝ» የሚለው የቆየ አነጋገር በዚያ ዓመት ሞተ። መቶ ብር አንድ ሊትር አይሞላምና።

ነገሩ የትንሽ መኪና ባለቤት ብሶት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ነገር ላስታውስ። በ1966 ዓ.ም. መስከረም የተነሣው የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ ሲያንር፣ ጭማሪው አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ ያረፈው በትንንሽ መኪኖች ላይ ነበር። የዚያ ዘመን ታክሲ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ፊያት ሰይቼንቶ ነበረች፤ ስሟ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ጉልበቷም ከስሟ ብዙ የራቀ አልነበረም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ዕለት በትምህርት ዘርፉ ጥናት ምክንያት አድማ መቱ። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዋጋው ጥቂት ቀነሰ፤ ሆኖም ነገሩ ከዋጋ አልፎ ሄዶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በትንሽ ቮልስ ዋገን ነበር። ዘውዱ የወደቀው በቤንዚን ብቻ ነው የሚል የለም። ይሁንና ከመጀመሪያዎቹ ክብሪቶች አንዱ ከትንሽ መኪና ጋን አጠገብ መጫሩን ታሪክ መዝግቦታል። ነዳጅ ሲጨምር ነዳጅ የሚጨምረው ከጥንትም ነው።

አሁን ወደ መኪናዬ ልመለስ። ቪትዝ ናት፤ የ2007 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ሞተሯ ከ1,000 ሲሲ ጥቂት የሚያንስ። ቪትዝ በጃፓን ገበያ የወጣችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ የወጣት ልጆችና የገበያ መኪና ነበረች፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን የቤተሰብ ሀብት፣ የጥሎሽ ወሬ፣ የአክሲዮን ያህል የሚጠበቅ ንብረት ሆነች። ከሚሊዮን ብር በታች የማይነካት መኪና «ትንሽ» መባሏ ራሱ ቅኔ ነው። የወደድናት በአንድ ባሕርይዋ ነው፤ አትጠጣም።

አትጠጣም ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ደብተር መያዝ ነበረብኝ። ግጥም የምጽፍበትን ደብተር ከኋላ ገልብጬ ሊትርና ኪሎ ሜትር መመዝገብ ጀመርኩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጋኑን ሞልቶ መንዳት፣ እንደገና ሲሞሉ የገባውን ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር ማካፈል። በከተማ ውስጥ አንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ታደርሰኛለች፤ ከከተማ ስወጣ 16። ያው ሞተር፣ ያው ነጂ ነው። ልዩነቱ የቆምኩበት ሰዓት ነው። መብራት ላይ፣ አደባባይ ላይ፣ ከፊት የቆመውን ታክሲ ስጠብቅ ሞተሩ ይነድዳል፤ መንገዱ ግን አያጥርም።

ደብተሩ ሌላም አስተማረኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። እኛ ሽቅብ ስንወጣ እንደሚያለከልከን ሁሉ ሞተርም ያለከልካል፤ በአምራቹ ወረቀት ላይ የተጻፈው ጉልበት እንጦጦ ሥር አይገኝም። የመኪና አየር ሲከፍል ያለው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ አያድግም፤ በስኩዌር ነው የሚያድገው። በ80 ስነዳ የሚገፋኝ አየር በ110 ስነዳ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ነዳጅ ያተርፋል የሚለው የቆየ እምነትም ለካርቡራቶር ዘመን የተነገረ ነው። በኮምፒውተር ነዳጅ የምትመጥን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆና ቁልቁል ስትወርድ ነዳጁን ፈጽማ ትዘጋለች፤ በፎሌ ስትለቀቅ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ስትል ትቀዳለች፤ ፍሬኑም ብቻውን ይደክማል። ያልተነፋ ጎማ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ ኋላ የተረሳ ጭነት፣ ሁሉም ከሊትሩ ይቀንሳሉ። በመጨረሻ ከሁሉም ምክር የበለጠውን አያቶቻችን መኪና ሳያዩ ተናግረውት አገኘሁ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ነዳጅ መስጫውን ከሥሩ እንቁላል እንዳለ አድርጎ የሚረግጥ ሰው ከማደያው ደጅ ይርቃል።

ስለ ሌላው መንገድም አስቤያለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጥር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። ሒሳባቸውን በዚያው ደብተር ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለ፤ የእኔ ሞተር ከዚህ ሩቡን ያህል ወደ መንገድ ይለውጣል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚሰጠው ውስጥ የሚያባክነው ጥቂት ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድም ከሰጠው መልሶ ይቀበላል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቦቴ የለም፣ ወደብ የለም፣ ዶላር የለም። በዚህ ዓይን ስመለከተው ክርክር የለኝም።

ክርክሩ የሚመጣው ከአራተኛ ፎቅ ነው። የምኖረው በኮንዶሚኒየም ነው፤ መኪናዬ የምታድረው ከሥር፣ ከአሥር መኪኖች መካከል ነው። ከመስኮቴ ሽቦ ባወርድ ሦስት ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ያልፋል፤ በተራ የቤት ሶኬት መሙላትም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ በዚያ ሌሊት መብራት ያልጠፋ እንደሆነ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ መኪናዋን ሸጬ ልዩነቱን መበደር ይኖርብኛል፤ ብድር ምን እንደሆነ ደግሞ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ። ጊዜው ሲደርስ እሻገራለሁ። እስከዚያው የቤንዚን ሰው ነኝ።

ይህ ሁሉ ቁጥር ግን የሚያርፈው በአንድ መንገድ ላይ ነው። እናቴ አዳማ ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ከቤቴ እስከ ደጃፏ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 12 ሊትር ተኩል። ስሄድ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፣ ስመለስ 600 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ለዚያ ዳገት ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ትበላለች። በደብተሬ ላይ ያንኑ መንገድ በየዓመቱ ዋጋው ስጽፈው፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት 598 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ1,500 ብር በላይ ሆኗል፤ የፈጣን መንገዱ ክፍያ ሳይጨመር። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ የምትቀበለኝ በሁለት ጥያቄ ነው፤ «ደክሞሃል ልጄ?» እና «በልተሃል?»

ከዕለታት አንድ ቀን ሦስተኛ ጥያቄ ተጨመረ። «ቤንዚን ስንት ገባ?» አለችኝ። ወሬ መስሎኝ ነገርኳት። እናቴ ግን ወሬ አልነበረም የምትጠይቀው። ጎረቤቷ ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ማታ ሰልፉንና ዋጋውን ሲያወራ ትሰማለች፤ ከእርሱ ጠይቃ የእኔን መንገድ አስልታዋለች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማታ ስደውል መልሷ ተለወጠ። «ነገ እንኳ ቤተ ክርስቲያን እውላለሁ፣ አትልፋ።» «ሰሞኑን ዘመድ አለ፣ በሌላ ሳምንት ና።» «በስልክስ ድምፅህን ሰማሁ አይደል፣ ምን ቀረኝ?» እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ይመስል ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ረቡዕ ማታ ጎረቤቷ ደወለ። «ጋሼ፣ ማዘር እንዳልነግርህ ለምነውኝ ነበር፤ ሦስት ቀናቸው ነው ከተኙ። ወባ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ» አለኝ። በዚያ ሌሊት እንቁላሉን ረስቼ ነዳሁ። ስገባ መድኃኒቷን ወስዳ፣ ትኩሳቷ በርዶላት፣ ግንባሯን በነጠላ አስራ ተኝታለች። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣ ከሰላምታ በፊት፣ ከደክሞሃልም ከበልተሃልም በፊት እንዲህ አለች፤ «በዚህ ጨለማ ስንት ቤንዚን ጨረስክ?»

በሕይወቴ ብዙ ግጥም ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ዐረፍተ ነገር የወጋኝ የለም። እናት በልጇ ኪስ ላይ ላለመክበድ ትኩሳቷን ሦስት ቀን ደብቃለች። ሁለት ወር ሙሉ ናፍቆቷን በሊትር መንዝራ፣ ውድ ሆኖ ስላገኘችው አስቀምጣዋለች። የዋጋ ጭማሪ በጋዜጣ ሲጻፍ በብርና በሳንቲም ነው የሚጻፈው፤ እውነተኛው ጭማሪ ግን በእንዲህ ያለ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ማንም በማይቆጥረው ገንዘብ ይከፈላል።

አጠገቧ ባደርኩባት ሌሊት፣ ኪሴ ውስጥ በተገኘ የተቀማጭ ገንዘብ መሙያ ቅጽ ጀርባ ላይ እነዚህን ስንኞች ጻፍኩ፤

ነዳጅ ጨመረ አሉ በየማደያው ደጅ፣
ልቤም ውስጥ አንድ አለ የማይቆጠር ነዳጅ፤
መንገዱ ያው መንገድ፣ ኪሎ ሜትሩ ያው ነው፣
ናፍቆትን በሊትር ማን ነው የተመነው?

ስንኝ ጋን አይሞላም። ስለዚህ ሲነጋ ደብተሩን ከሌላኛው በኩል ገለጥኩት። ከቤቴ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን 110። በከተማው ፍጆታ 11 ሊትር ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት 22 ሊትር። አዳማ ደርሶ መልስ 12 ሊትር ተኩል ነው። ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው ምርጫ የለኝም ብዬ የኖርኩበት ማደያ ምርጫ ሰጠኝ። ከአደባባይ አደባባይ እየቆምኩ የማነድደው ቤንዚን ወደ እናቴ ከሚወስደኝ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ በዝናብ ቀን ሱሪዬ ይረጥባል፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ከቤት እወጣለሁ። ቪትዟ አቧራ ለብሳ ቆማ ስትታይ ጎረቤቶቼ የተበላሸች መስሏቸው መካኒክ ጠቁመውኛል። አልተበላሸችም፤ እሑድን እየጠበቀች ነው።

ለእናቴ ስነግራት ወዲያው አላመነችም። «እንዲያው ለእኔ ብለህ ነው» አለች። ደብተሩን አምጥቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ረድፎቹን በጣቷ ተከተለች፤ የመንገዱን፣ የሊትሩን፣ የብሩን። ቁጥር የምትወድ ሴት ናት፤ አባቴ ሱቅ በነበረው ጊዜ ዱቤውን የምትይዘው እርሷ ነበረች።

«እማዬ፣ የአንቺ ቤንዚን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተከፍሎ ያለቀ ነው» አልኳት።

ደብተሩን ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «እንግዲያው ከተከፈለ ምን ያስቀርሃል፤ በሚመጣው እሑድ ቀደም ብለህ ና፣ ዶሮ አስገዛለሁ» አለች።

ዋጋው ገና ይወጣ ይሆናል። ሲወጣ እንደገና እቆጥራለሁ፤ መቁጠር ሥራዬም ልማዴም ነው። በደብተሬ ውስጥ ግን ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ሊትር አለ። አንደኛው የሚቀነስ ነው፤ ማርሽ በማስተካከል፣ ጎማ በማስነፋት፣ ቀስ ብሎ በመንዳት፣ መኪና አቁሞ በመሄድ። ሁለተኛው የማይቀነስ ነው፤ ከሌላው ተቀንሶ የሚሞላ። ወዳጆቼ፣ የእናንተን ደብተር ስትገልጡ ይህችን የማትቀነስ ሊትር በየትኛው መንገድ ላይ እንዳስቀመጣችኋት እዩ። ቸር እንሰንብት።